እርማቱ ከስሕተቱ የቀደመበት መዝገብ፦ በክላስተር ሰርቨሮች መካከል የሚፈጠርን የሰዓት ዝንፈት ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ደብረ ብርሃን ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የተሰጠኝ ርእስ በማስታወቂያው እንደሚታየው፣ በክላስተር ሰርቨሮች መካከል የሚፈጠርን የሰዓት ዝንፈት መመርመርና ማረም ነው። ርእሱ ደረቅ መስሎ ይታያል። ከእናንተም አንዳንዶቹ «ይህ የኔትወርክ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው» እያላችሁ እንደመጣችሁ እገምታለሁ። እኔ ግን ከአንድ የውጤት መዝገብ እጀምራለሁ፤ በዚያ መዝገብ የተነሣ አንዲት ተማሪ ከትምህርት ገበታ ለመሰናበት፣ አንዲት የሬጅስትራር ሠራተኛም በማጭበርበር ለመከሰስ ተቃርበው ነበርና።

ነገሩ የሆነው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኝ አንድ የትምህርት ተቋም ነው፤ ስሙን አልጠራም። ተቋሙ የተማሪዎችን ውጤት የሚያስቀምጠው ሦስት ሰርቨሮች ተጣምረው በሚሠሩበት ክላስተር ላይ ነው። ሦስቱም የአንዱን መዝገብ ቅጂ ይይዛሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ። ከሦስቱ ጥያቄውን የተቀበለው ሰርቨር ለገባው ጽሑፍ የራሱን የጊዜ ማኅተም ያትምበታል። በአንድ ተማሪ ስም ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ከገቡ ደግሞ የመረጃ ቋቱ ማኅተማቸውን አስተያይቶ የኋለኛውን ያጸናል፤ የቀደመውን ይጥላል። ይህ ደንብ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ነው፤ ካሳንድራ የተሰኘው የመረጃ ቋትም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ደንቡ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ሰርቨሮች በሰዓት ጉዳይ ይስማማሉ የሚል ያልተነገረ ቃል ኪዳን አለበት።

በዚያን ቀን የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ከመምህሩ በወረቀት የደረሳትን ውጤት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ አስገባች። ውጤቱ ኤፍ ነበር። መምህሩ በኋላ የድምር ስሕተት አግኝቶ ለምሳ ከመውጣቱ በፊት፣ 6 ሰዓት ከ5 ገደማ፣ በራሱ መግቢያ ስም ወደ ሲ አረመው። በሳምንቱ ተማሪዋ ውጤቷን ስታይ ኤፍ ነው። መምህሩ አርሜያለሁ አለ። መዝገቡ ሲታይ እርማቱ በርግጥ አለ፤ ግን የገባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ4 ላይ ነው ይላል። ኤፉ ደግሞ በሠራተኛዋ ስም 4 ሰዓት ከ20 ላይ ገብቷል። እንግዲህ በመዝገቡ መሠረት መምህሩ ሲ ብሎ አስቀመጠ፤ ሠራተኛዋ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ መጥታ ወደ ኤፍ ለወጠችው። ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ በዚህ ንባብ ላይ ቆሞ ነበር። «ሰው ይረሳል፣ ሰው ይዋሻል፤ ማሽን ግን አይዋሽም» ያሉም ነበሩ። ሠራተኛዋ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ተብሎ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ተዛወረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዳቸውም ሞኝ አልነበሩም። ያላቸው ማስረጃ ያንን ይላል። እርማት ከሚያርመው ስሕተት ቀድሞ ሊገባ እንደማይችል ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን የትኛው ስሕተት፣ የትኛው እርማት እንደሆነ የሚወስነው መዝገቡ ነው ተብሎ ከተወሰደ፣ መዝገቡ ራሱ የሚመረመርበት መንገድ ይዘጋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ሌስሊ ላምፖርት ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በተለያዩ ማሽኖች ላይ በተደረጉ ሁለት ድርጊቶች መካከል «ይህ ከዚያ ቀደመ» ለማለት የምንችለው መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ቅደም ተከተል ሰዓቶቹ ባላቸው ስምምነት ልክ ብቻ የሚታመን ነው።

መዝገቡን እንድመለከት በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ሦስቱን ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት ሰዓት መጠየቅ ነው። የጠየቅሁትም በሰውኛ የተጻፈውን ሰዓት አይደለም፤ ሊኑክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ጀምሮ የሚቆጥረውን የሰከንድ ብዛት ነው። ይህ ቁጥር የሰዓት ቀጠና አያውቅም፤ ጠዋትና ማታም የለውም። በዓለም ላይ ባለ በማንኛውም ጤነኛ ማሽን ላይ በአንድ ቅጽበት አንድ ነው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሰርቨር ተስማሙ። ሦስተኛው በ10,861 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ሦስት ሰዓት 10,800 ሰከንድ ነው። ቀሪው 61 ሰከንድ ነው። ይህች 61 ለብቻዋ ብዙ ስለምትናገር እመለስባታለሁ።

ይህን ያህል የጎላ ስሕተት ለምን ማንም አላየውም? አይተውታል። በዚያ ክፍል የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች ሦስተኛው ሰርቨር ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚያሳይ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን «የግሪንዊች ሰዓት ነው የሚያሳየው» ብለው አልፈውታል። አገራችን ከግሪንዊች በትክክል ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ግምታቸው ምክንያታዊ ነበር። የብዙ ሰርቨሮች ሰዓት ሆን ተብሎ በግሪንዊች ይቀመጣል፤ ጉዳትም የለውም። ልዩነቱ ያለው ከሰዓቱ አጠገብ በሚጻፈው የቀጠና ስም ላይ ነው። ያ ሰርቨር ሰዓቱን የሚያሳየው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው እያለ ነበር። ግሪንዊች ቢል ኖሮ ትክክል ነበር፤ ምሥራቅ አፍሪካ ብሎ ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ ግን በእርግጥ ሦስት ሰዓት ዘግይቷል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው፣ በመጀመሪያ የሰከንዱን ቁጥር ጠይቁ፤ የተጻፈውን ሰዓት በኋላ ታነባላችሁ የሚል ነው።

አሁን ወደ መንሥኤው እንለፍ። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ በማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ክብ ባትሪ የሚሠራው፣ መብራት ቢጠፋም የሚቆጥረው ነው። ሌላው ማሽኑ ሲሠራ በከርነሉ የሚቆጠረው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን የሚያነበው ማሽኑ ሲነሣ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሰርቨር ላይ የማዘርቦርዱ ሰዓት በግሪንዊች የተቀመጠ ሲሆን፣ ስርዓተ ክወናው ግን «የአገር ውስጥ ሰዓት ነው» ብሎ እንዲያነበው ተስተካክሎ ነበር። ይህ ዓይነቱ ማስተካከያ ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ምንም አያደርግም፤ ለወራት ሊደበቅ ይችላል። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ዘገየ፤ ሦስቱም ሰርቨሮች ወደቁ። ሲነሡ ሁለቱ በትክክል አነበቡ። ሦስተኛው በግሪንዊች የተጻፈውን ጠዋት 2 ሰዓት «የመንዝ ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ አነበበው፤ በዚያች ቅጽበት መንዝ ላይ ግን ቀኑ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር።

«ታዲያ ኤንቲፒ ምን ይሠራ ነበር?» የምትሉ አላችሁ። ዴቪድ ሚልስ በ1985 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የሰዓት ማመሳሰያ ፕሮቶኮል ይህን ለማረም የተሠራ አይደለምን? ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄም ያውቃል። የተለመደው የኤንቲፒ አገልጋይ ፕሮግራም ከ128 ሚሊሰከንድ ያነሰን ልዩነት ሰዓቱን በማፍጠን ወይም በማዘግየት ቀስ ብሎ ያስተካክላል፤ ከዚያ የበለጠውን ያዘልላል፤ ከ1000 ሰከንድ የበለጠ ልዩነት ካየ ግን «እዚህ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተበላሽቷል፤ ሰው ይምጣ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። በማስነሻው ላይ ይህን ገደብ አንድ ጊዜ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ በዚያ ሰርቨር ላይ አልተሰጠም ነበር። 10,800 ሰከንድ ያየው ፕሮግራም አንዲት መስመር ሎግ ላይ ጽፎ ሞተ። ያቺን መስመር ማንም አላነበባትም። ሰው እንዲመጣ የጠራ ማሽን ሰው ካልመጣ ዝም ይላል።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሦስተኛው ሰርቨር በራሱ ኳርትዝ ብቻ ሲቆጥር ቆየ። እዚህ ላይ ነው 61 ሰከንድ የምትገባው። ተራ የኮምፒዩተር ኳርትዝ ከሚሊዮን 20 ያህል ክፍል ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይዘነፋል። ያንን ሰርቨር ለአንድ ሙሉ ቀን ከትክክለኛ ምንጭ ጋር አስተያይቼ ስለካው በቀን 1.7 ሰከንድ ወደ ኋላ ሲቀር አገኘሁት። 61ን ለ1.7 ብናካፍል 36 ቀን ያህል ይወጣል። ማሽኑ ሲነሣ የማዘርቦርዱ ሰዓት የራሱ ጥቂት ሰከንድ ስሕተት ሊኖረው ስለሚችል ይህ ግምት ነው፤ ሆኖም ወዴት እንደምመለከት ነገረኝ። የሰርቨሩ የራሱ ሎግ በሚጣራበት ሰዓት ስለሚጽፍ ለብቻው ሊታመን አይችልም። የታመነው የጄኔሬተር ተቆጣጣሪው ደብተር ነው። እኚህ ሰው ጄኔሬተር ባስነሡ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በእስክርቢቶ ይጽፋሉ። ደብተራቸው ከዚያ ቀን በፊት በ37ኛው ቀን ሌሊት መብራት እንደጠፋ ይናገራል። በክላስተሩ ዙሪያ ከነበሩት መዝገቦች ሁሉ ያልተዛነፈው እሱ ነበር ማለት እችላለሁ።

ይህ ስሌት ለጨዋታ አልነበረም። የሰዓት ዝንፈት የጀመረበት ቀን ሲታወቅ፣ የተጎዳው መዝገብ ወሰን ይታወቃል። በእነዚያ አምስት ሳምንታት በሦስተኛው ሰርቨር በኩል የገባ እያንዳንዱ ጽሑፍ ማኅተሙ በሦስት ሰዓት ያነሰ ነው፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ በሌላ ሰርቨር የገባ ተቃራኒ ጽሑፍ ካለ ደግሞ የተሳሳተው አሸንፏል። የተማሪዋ ጉዳይ ብቻውን አልነበረም። ሰዓቱን ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የከበደው ተቃራኒ ጽሑፍ ያለባቸውን መዝገቦች አንድ በአንድ አውጥቶ ከወረቀት ጋር ማመሳከር ነበር። ወረቀቱ መኖሩ አተረፈን። ሰዓቱን አርሞ «ተስተካክሏል» ብሎ የሚሄድ ባለሙያ የሥራውን ግማሽ እንኳ አልሠራም፤ ያለፈው መዝገብ በተሳሳተው ማኅተም እንደታተመ ይቀራልና። የተማሪዋ ውጤት ተመለሰ። የሠራተኛዋም ንጽሕና በጽሑፍ ተረጋገጠላት፤ ወደ ቀድሞ ወንበሯ ግን አልተመለሰችም።

በነገራችን ላይ የ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ፣ ቁጥር 1205፣ በኤሌክትሮኒክ ለተያዘ መዝገብ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። ለመዝገቡ ዋጋ ሲሰጥ ለሰዓቱም ዋጋ መሰጠቱን የሕግ ትምህርት ቤት ባልደረቦቻችን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ከዚህ ጉዳይ አንድ አጠቃላይ ዘዴ ይወጣል፤ የዝንፈቱ መጠን የመንሥኤውን ስም ይናገራል። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ዘዴ ከየትም ይልቅ ይሠራል፤ የራሳችን የሰዓት አቆጣጠርና የራሳችን ዘመን ስላለን የሰው እጅ ጥሎት የሚያልፈው አሻራ ግልጽ ነው። ልክ ሦስት ሰዓት ከሆነ የቀጠና ችግር ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ከሆነ አንድ ሰው ከእጅ ሰዓቱ አይቶ በእኛ አቆጣጠር አስገብቷል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 8 ብሎ ከጻፈ ማሽኑ የነጮቹን ጠዋት 8 ይዞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሆነ ግን ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ይሮጣል። አሥራ ሁለት ከሆነ ጠዋትና ማታ ተምታተዋል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከሆነ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ አስገብተዋል፤ ይህ በተለይ ባትሪው ያለቀበት አሮጌ ማሽን ሲነሣ ቀን ጠይቆ፣ በአቅራቢያ የተገኘ ሰው ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር አይቶ ሲሞላ የሚከሰት ነው። ሰውየው በጥቅምት 30 ቢሞላ ማሽኑ የፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ በጳጉሜን ቢሞላ 13ኛ ወር የለም ይለዋል። በአብዛኞቹ ሌሎች ቀናት ግን ሳያንገራግር ይቀበላል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ በ1970 እ.ኤ.አ. ላይ ከቆመ ባትሪው ሞቷል። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ከተወረወረ ደግሞ የጂፒኤስ መቀበያውን ተመልከቱ፤ ጂፒኤስ ሳምንታትን እስከ 1024 ብቻ ቆጥሮ ወደ ዜሮ ይመለሳልና። የመጨረሻው ዙር የሞላው በኤፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ያልታደሱ መቀበያዎች ያን ጊዜ ተሳስተዋል።

ስለ ቀጠና ካነሣን አንድ ለአካባቢያችን ሰዎች የሚጥም ነገር ልጨምር። በዓለም ያሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች የየአገሩን ሰዓት የሚያውቁት ከአንድ የሰዓት ቀጠና መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ታሪካዊ ክፍል ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም ነበር ተብሎ ተጽፏል፤ ወደ ሦስት ሰዓት የተለወጠችውም በሜይ 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ነው ይላል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን። ያ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ወደ ኬንትሮስ ሲመለስ 38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ይሆናል። የመዝገቡ ጠባቂ ይህ ኬንትሮስ የየት እንደሆነ ሲያስብ «ምናልባት የአዲስ ደራ» ብሎ ማስታወሻ ጽፏል፤ መረጃው ራሱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችልም አልደበቀም። እንግዲህ ለረጅም ጊዜ በብዙ የዓለም ሰርቨሮች ውስጥ የኢትዮጵያ የድሮ ሰዓት ከመርሐቤቴ አጠገብ ባለችው በደራ ስም በሚጀምር ምሕጻረ ቃል ይጠራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በተለመደው ቅጂ የአዲስ አበባ ቀጠና ወደ ናይሮቢ ቀጠና ጠቋሚ ብቻ ሆኗል። ለዛሬ ሰዓት ለውጥ የለውም። ለሽማግሌዎቻችን የልደት ቀን ግን አለው፤ ናይሮቢ ከ1937 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. አጋማሽ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ ስለነበረች፣ የልደት ቀንን እንደ እኩለ ሌሊት ቅጽበት አድርጎ ያስቀመጠ ፕሮግራም መዝገቡ በታደሰ ማግስት አንድን አዛውንት በአንድ ቀን ሊያስረጃቸው ይችላል። የልደት ቀን ቀን እንጂ ቅጽበት አይደለም፤ እንደ ቀን ይቀመጥ።

ወደ ትናንሾቹ ዝንፈቶች ልለፍ። እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰዓታት ነበር፤ ክላስተርን የሚያሳምመው ግን ብዙ ጊዜ ከሰከንድ በታች ያለው ነው። ከርቤሮስ የተባለው የማንነት ማረጋገጫ አምስት ደቂቃ ይታገሣል። ሴፍ የተባለው የማከማቻ ሥርዓት ተቆጣጣሪዎቹ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ከተለያዩ ያማርራል። ኮክሮችዲቢ ደግሞ በተለመደው አቀማመጡ ግማሽ ሰከንድን ወሰን አድርጎ፣ አንድ ኖድ ወደዚያ ሲጠጋ መረጃ ከማበላሸት ይልቅ ኖዱ ራሱን እንዲያቆም ያደርጋል፤ በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ጠባይ ይህ ነው። ለባሕረ ሐሳብ ተማሪዎች ይህ መጠን እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። ሊቃውንቱ ቀንን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲትን በ60 ራብዒት ይከፍላሉ። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሣልሲት 0.4 ሰከንድ፤ አንድ ራብዒት 6.7 ሚሊሰከንድ ያህል። የሴፍ ትዕግሥት እንግዲህ ሰባት ራብዒት ከግማሽ ነው። በእግር ጫማ የጥላ ርዝመት እየለኩ ሰዓት የሚያውቁ ሰዎች ለማይለኩት ነገር ስም ማውጣታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

በእኛ ደጋ የትናንሾቹ ዝንፈቶች አንድ ምንጭ ቁሩ ነው። ኳርትዝ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ለአየር ማቀዝቀዣ አያስፈልግም ተብሎ በተተወ የመሐል ሜዳ ክፍል ውስጥ፣ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይሞቃል። ከሚሊዮን የአንድ ክፍል ለውጥ በቀን 86 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ማመሳሰያው ሌሊቱን የተማረውን ፍጥነት ጠዋት ይሽረዋል። የዝንፈቱን ግራፍ ስትስሉ በየ24 ሰዓቱ የሚመላለስ ማዕበል ካያችሁ ኔትወርኩን አትክሰሱ፤ ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ስቀሉ። «ከፍታውስ ራሱ?» ብሎ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ጠይቆኝ ነበር። እውነት ነው፤ አንስታይን እንዳስተማረው ከፍ ያለ ቦታ ያለ ሰዓት ይፈጥናል፤ በ3000 ሜትር ግን ትርፉ በቀን ከቢሊዮን 28 የሰከንድ ክፍል ያህል ነው። ለእኛ ሥራ ይቅር ተብሏል።

ሌላው ምንጭ መስመሩ ነው። ኤንቲፒ ጥያቄ ልኮ መልስ ሲቀበል፣ መሄጃውና መምጫው እኩል ጊዜ ወስደዋል ብሎ ያስባል። እኩል ካልሆኑ የልዩነቱ ግማሽ በቀጥታ ስሕተት ሆኖ ይገባል፤ ይህንንም ከመስመሩ በአንድ ጫፍ ሆኖ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሥራ ሰዓት ቢሮው ሁሉ ፊልምና ፋይል ሲያወርድ፣ የሚመጣው መስመር ተጨናንቆ መልሱ በ200 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ ሰርቨሩ በ100 ሚሊሰከንድ የቀደመ መስሎት ራሱን ያዘገያል። ማታ መስመሩ ሲለቀቅ ይመለሳል። በወረዳ ኔትና በስኩል ኔት ዘመን በሳተላይት የተገናኙ መሥሪያ ቤቶችን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ምልክቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ያ መዘግየት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል እስከሆነ ድረስ ግን አይጎዳም። የሚጎዳው ሽቅብ በመሬት ቁልቁል በሳተላይት የሆነ መስመር ነው። የማዕበሉ ቅርጽ ይለያያቸዋል፤ የቁሩ ማዕበል ከፀሐይ ጋር ይሄዳል፣ የመጨናነቁ ማዕበል ከሥራ ሰዓት ጋር። እሑድ ቀን የጠፋ ዝንፈት የኳርትዝ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በእኔ እምነት ደጋ ላይ ያለ ክላስተር ከኢንተርኔት የሚመጣን ሰዓት ብቻ ተማምኖ መቀመጥ የለበትም። ኢንተርኔቱ ለሁለት ቀን ቢቋረጥ ሦስት ሰርቨሮች በሦስት ኳርትዝ ሦስት ቦታ ይሄዳሉ። ከሁሉ በፊት እርስ በርሳቸው ይስማሙ፤ ለክላስተር ጤና ከዓለም ጋር ከመስማማት በመካከላቸው መስማማት ይቀድማል። ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም ውጫዊ ምንጭ ሲጠፋ ከመካከላቸው አንዱን መሪ አድርገው እንዲከተሉ የሚያስችል አቀማመጥ አለው። ስለ ምንጭ ብዛት ደግሞ፣ ሁለት ምንጭ መያዝ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ ፈራጅ የለም። ሦስት ሲሆኑ አንዱ ሐሰተኛ ይታወቃል፤ አራት ሲሆኑ አንዱ ጠፍቶም ፍርዱ ይቆማል። በምናባዊ ማሽኖች ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሰዓቱን የሚያርመው አስተናጋጁ ወይም እንግዳው አንዱ ብቻ ይሁን፤ ሁለቱም ሲያርሙ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይነጥቃል። ሰዓትንም ወደ ኋላ አታዝልሉ፤ ቀስ ብላችሁ አዘግዩ። በሴኮንድ 500 ማይክሮሰከንድ ብቻ በሚፈቀድበት ልማድ አንድን ሰከንድ ለማረም 2000 ሰከንድ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ይወስዳል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን አንድ ቅጽበት ሁለት ጊዜ አይኖርም። በጁን 30 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የተጨመረችው አንዲት ሰከንድ በዓለም ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮችን አስጨንቃለች። የመጨረሻዋ የተጨመረችው በ2016 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ሲሆን፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። የዓለም የልኬት ጉባኤ ይህን ልማድ እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ወስኗል።

ለመዝገቦች ደግሞ ማኅተሙን ሁልጊዜ በግሪንዊች አስቀምጡ፤ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን በማሳያው ላይ ብቻ ለውጡ። የመዘግየት ልኬትን፣ ለምሳሌ አንድ ሥራ ስንት ሰከንድ ወሰደ የሚለውን፣ በግድግዳ ሰዓት አትለኩ፤ ስርዓተ ክወናው ወደ ኋላ የማይመለስ ሌላ ቆጣሪ አለው። የዝንፈት ቁጥርን ከሲፒዩና ከዲስክ ቁጥር ጎን በክትትል ሰሌዳው ላይ አውጡት። በዚያ ተቋም አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ለሰው ስልክ ብትደርስ ኖሮ፣ ነገሩ በመጀመሪያዋ ጠዋት ያልቅ ነበር።

ገንዘብ ካላችሁ በጣራው ላይ የጂፒኤስ አንቴና ስቀሉ። በመንዝና በግሼ ደጋ ሰማዩ ክፍት ስለሆነ በቂ ሳተላይት ለማየት ችግር የለም፤ በየሰከንዱ የሚሰጠው ምት ከማይክሮሰከንድ ጋር የሚቆጠር ትክክለኛነት አለው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። በመርሐቤቴ ገደል ሥር ወይም በጀማ ሸለቆ ለምትሠሩ ግን አንቴናው ሰማዩን ምን ያህል እንደሚያይ አስቀድማችሁ ፈትሹ። የክረምቱን መብረቅም አትርሱ፤ ረጅም ገመድ ያለው አንቴና ያለ መብረቅ መከላከያ ከተሰቀለ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩንም ይዞ ይሄዳል። መቀበያውን ስትገዙ የሳምንት ዙሩን እንዴት እንደሚያስተናግድ ሻጩን ጠይቁ፤ የኤንቲፒ የራሱ የሰከንድ ቆጠራም በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2036 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ28 ላይ፣ ወደ ዜሮ ይዞራልና ዛሬ የምትገዙት ዕቃ ያን ጊዜ በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ በቤተ ሙከራ ሦስት ሰርቨሮች አዘጋጅተናል፤ የአንዱን ሰዓት አዛንፈነዋል፤ በስንትና በምን እንደሆነ አልናገርም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማቅረብ ትችላላችሁ።